አራተኛው ስም

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። በሰሜን ኔግሮስ ደሴት ላለው የስኳር ፋብሪካ ኮምፒውተር ግን ስም ያወጣለት የሠራው ኩባንያ ነው፤ ያውም አራት ጊዜ። መጀመሪያ በመርከብ ተጭኖ ሲመጣ ቁም ሣጥን የሚያክለው ብረቱ ላይ «ኦሪዮን» የሚል ተለጥፎበት ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ «ሴሪስ» ነው ተባለ። ቀጥሎ «ሴሪስ ፕላስ»። አሁን ደግሞ «ሉሚና»። ብረቱ በየጊዜው በአዲስ እየተተካ፣ መጠኑ እያነሰ ሄዶ ዛሬ ከጫማ ካርቶን አይበልጥም። ስክሪኑ ግን ያው ጥቁር፣ ፊደሉም ያው አረንጓዴ ነው።

አገዳ ጭነው የሚመጡት ሾፌሮች፣ የሚዛን ቤቱ ጸሐፊዎች፣ የጭማቂውን ጣፋጭነት የሚለኩት ሴቶች፣ ሁሉም የሚያውቁት በመጀመሪያ ስሙ ነው። መኪኖቹን በየተራቸው ወደ ወፍጮው የሚጠራው እሱ ስለሆነ እንደ ሰው ያሙታል። «ዛሬ ኦሪዮን ጠምዶኛል» ይላል ከማለዳ ጀምሮ ግቢው ውስጥ የተገተረ ሾፌር። «የጠመደችህ ሚስትህ ናት እንጂ እሱ ስላንተ ምን አገባው» ይለዋል ሌላው። ኖኖይ የሚባለው ሾፌርማ በመኪናው የኋላ መዝጊያ ላይ በቀይ ቀለም «ኦሪዮን ሆይ፣ በተራህ አስበኝ» ብሎ አጽፏል።

በዚያ ዓመት የአገዳ ወቅት ይህን ስም ከሰው አፍ የማስወጣት ሥራ የወደቀው በአርዴል ላይ ነበር። አርዴል ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ከፋብሪካው ጀርባ ባለው መንደር ተወልዶ፣ ባኮሎድ ከተማ ኮሌጅ ተምሮ፣ ኮምፒውተር ክፍል ከገባ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

«ፖስተር ለጠፍን፣ ስኒ አደልን፣ ስልጠና ሰጠን» አሉ አለቃው ሰር ያፕ። «ትናንት የበር ጥበቃውን ‹ሉሚና ምንድን ነው?› ብዬ ብጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹የፀጉር ቅባት ነው ሰር?›»

አርዴል ሳቀ። ሰር ያፕ አልሳቁም።

«የኩባንያው ሰዎች በሚመጣው ወር ከማኒላ ይመጣሉ። እነሱ ፊት አንድ ሰው ኦሪዮን ቢል የማፍረው እኔ ነኝ። አንድ ዘዴ ፈልግ።»

አርዴል ዘዴውን ያገኘው በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ለኮምፒውተር ክፍሉ የሚላክ ማንኛውም የእርዳታ ጥያቄ በኢሜይል ነው የሚመጣው፤ ስልክ መደወል ካለፈው ዓመት ጀምሮ ተከልክሏል። እንግዲያው ኢሜይሉን የሚያይ አጭር ማጣሪያ ጻፈ። «ኦሪዮን» የሚል ቃል ካገኘ መልእክቱን ማንም ሳያየው ለላኪው ይመልሰዋል። ከመልሱ ጋር የሚሄደውን ማስታወሻ መጀመሪያ ረዘም አድርጎ፣ ትክክለኛው ስም ሉሚና መሆኑን ገልጾ ነበር የጻፈው። ሰር ያፕ ግን አይተው «ይሄ ስብከት ነው፤ አሳጥረው» አሉ። አሳጠረው። «መልእክትዎ ስህተት ስላለበት ተቀባይነት አላገኘም። አርመው እንደገና ይላኩ» የሚል ብቻ ቀረ። ስህተቱ የቱ እንደሆነ ማንም አያጣውም፣ ፖስተሩ ሽንት ቤት በር ላይ ሳይቀር ተለጥፏል ብሎ አሰበ።

ክፋት አልነበረበትም። ሁለት ቀን ያጉረመርማሉ፣ በሦስተኛው ይለምዳሉ ነው ያለው። ሰር ያፕ እጅግ ደስ ብሏቸው ማጣሪያው በፋብሪካው ኢሜይል ሁሉ ላይ እንዲሠራ አዘዙ፤ አርዴልንም በሠራተኛ ፊት አስጨብጭበው «ሉሚና» የሚል የተጻፈበት ትልቅ ጃንጥላ ሸለሙት።

ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ፣ ቅዳሜ ዕለት ደግሞ አዲሱ ስም በሥርዓቱ ውስጥ ባሉት ዝርዝሮች ሁሉ ላይ ተተካ። ይህንንም የሠራው አርዴል ነው። ቤቱ ገብቶ ተኛ።

*

ረቡዕ ጠዋት ፋብሪካው ግቢ ሲገባ መጀመሪያ ያገኘው ሽታውን ነው። የተቆረጠ አገዳ ሁለት ቀን ይታገሣል፤ ከዚያ በኋላ ውስጡ ይኮመጥጣል። በዚያ አካባቢ ያደገ ሰው ሽታውን ዐይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል። ከሚዛን ቤቱ አጠገብ ሦስት መኪኖች እስከ አፋቸው እንደተጫኑ ቆመዋል፤ ሾፌሮቹ ከሥራቸው ካርቶን አንጥፈው ተኝተዋል። መኪኖቹ የትንንሽ ገበሬዎች ማኅበር ናቸው፤ የዐሥራ አንድ ቤተሰብ አገዳ ነው የጫኑት። የተቆረጠውም እሑድ ነው።

ሰር ያፕ ደረጃው ላይ ጠበቁት። «እነዚህ መኪኖች ለምን ተራ አልደረሳቸውም?»

አርዴል ቁጭ ብሎ አየ። ቅዳሜ ስሙን ሲተካ በድሮው ስም ፎርም የተመዘገቡት የማኅበሩ መኪኖች ከተራው ዝርዝር ወድቀዋል። ኮምፒውተሩ እንዳሉም አያውቅም። መልሶ ለማስገባት አራት ደቂቃ ፈጀበት። አራት ደቂቃ። ወፍጮው ጋ ሲደርሱ ግን ጭማቂውን የለኩት ሴቶች ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሦስቱም መኪኖች ተመለሱ።

«ሦስት ቀን ሙሉ ማንም አላመለከተም ማለት ነው?» አሉ ሰር ያፕ።

ያኔ ነው አርዴል ማጣሪያውን ያስታወሰው። ሰር ያፕ እስኪወጡ ጠብቆ የተመለሱት መልእክቶች የሚጠራቀሙበትን ማኅደር ከፈተ። ከሚዛን ቤት የመጡ ሦስት መልእክቶች አሉ፤ ሦስቱም በእንግሊዝኛ፣ ሦስቱም ከማናንግ ሉዲ።

በአገሩ ልማድ እንደ እትዬ «ማናንግ» የሚባሉት ሉዲ ሚዛን ቤት ከገቡ ሠላሳ አንድ ዓመታቸው ነው። አርዴል ልጅ ሆኖ ከጥበቃው ተደብቆ ግቢ ሲገባ የወደቀ አገዳ እየላጡ ያቀምሱት ነበር። ጡረታ ሊወጡ አራት ወር ቀርቷቸዋል።

የመጀመሪያው የተላከው ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ነው። «ሰር፣ ኦሪዮን የማኅበሩን ሦስት መኪኖች አያይም። እባክዎ ይርዱን።» ይኸው ነው።

ሁለተኛው ከምሳ በኋላ ነው። «ለጠዋቱ ጽሑፌ ስህተት ይቅርታ እጠይቃለሁ። እንግሊዝኛዬ ጥሩ አይደለም። ኦሪዮን ሦስቱን መኪኖች በተራ ዝርዝሩ ላይ አላስገባቸውም። ከትናንት ጀምሮ ቆመዋል።»

ሦስተኛው ማክሰኞ ማለዳ የመጣው ነው። መልእክቱ አንድ ገጽ ሙሉ ነው፤ ነጠላ ሰረዙ ሁሉ ቦታውን ይዟል። «ቀደም ብዬ በላክኋቸው ሁለት ጽሑፎች ላይ ለታየው ጉድለት የተሰማኝን ጥልቅ ኀዘን እየገለጽሁ፣ ይህኛው ተቀባይነት እንደሚያገኝ ተስፋ አደርጋለሁ» ብሎ ይጀምራል። አገዳው ሽታው መለወጥ እንደጀመረ ይናገራል። «ኦሪዮን» የሚለው ቃል አምስት ጊዜ ገብቶበታል። መጨረሻው ላይ «ከማይጓደል አክብሮት ጋር፣ ትሑት አገልጋይዎ» ይላል።

ይህን መዝጊያ አርዴል ያውቀዋል። አምስተኛ ክፍል እያለ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሃምሳ ጊዜ ጽፎታል። ያስጻፉት ማዬስትራ ሳሎሜ ናቸው፤ የማናንግ ሉዲ ታላቅ እኅት፣ አርባ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማሩ። ሁለቱ እኅትማማቾች አንድ ቤት ነው የሚኖሩት።

አንድ ነገር ደግሞ ትዝ አለው። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ማናንግ ሉዲ ከኮምፒውተር ክፍሉ በር ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ጉልበታቸው ላይ ክላሰር ይዘው አይቷቸዋል። ጥበቃው የጥያቄ ቁጥር የሌለው ሰው አያስገባም፤ ቁጥር የሚሰጠው ደግሞ መልእክቱ ተቀባይነት ላገኘ ነው። አርዴል ለጡረታ ወረቀት የመጡ መስሎት «እንደምን አደሩ ማናንግ?» ብሎ በፈገግታ አለፋቸው። እሳቸውም ፈገግ አሉ። ስህተት የጻፈ ሰው ፈገግታ።

*

ስብሰባው ሐሙስ ከሰዓት ነበር። ሰር ያፕ፣ የሚዛን ክፍሉ ኃላፊ፣ አርዴል፣ ከጠረጴዛው ዳር ማናንግ ሉዲ።

«ማናንግ ሉዲ፣ መኪኖቹ ሦስት ቀን ሲቆሙ ለምን አላሳወቁም?»

«ጽፌ ነበር ሰር። ግን የጻፍኩት ልክ አልነበረም። ‹ስህተት አለበት› ብለው መለሱልኝ። አረምኩት። አሁንም ስህተት አለበት ተባለ።» እጃቸውን ጠረጴዛው ሥር ደበቁ። «እኔ ትምህርቴ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ነው ሰር። ስልክ ቢፈቀድ በአፌ እናገር ነበር።»

ሰር ያፕ ወደ አርዴል ዞሩ። «ከሚዛን ቤት የተመዘገበ ጥያቄ አለ?»

አርዴል አፉን ከፈተ። «የተመዘገበ ጥያቄ የለም ሰር» አለ።

ቃሉ እውነት ነው። ያልተቀበሉት ነገር አይመዘገብም። ግን ከአፉ ሲወጣ እንደ አሸዋ ጥርሱ ላይ ተንቋቋ። ሰር ያፕ አንድ አፍታ አዩት፤ የገባቸው ነገር ሳይኖር አልቀረም፤ ግን ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም። እሱም ሌላ ቃል አልጨመረም። ማናንግ ሉዲ ደግሞ፣ ይህ ነው ኋላ እንቅልፍ የነሣው፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ «እሱ ምን ያድርግ፣ ልጁ እውነቱን ነው» አሉ።

ውሳኔው አጭር ነበር። በማናንግ ሉዲ ፋይል ውስጥ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይገባል። ደብዳቤው ብቻውን ብዙም አይጎዳም ነበር፤ ግን በዚያ ፋብሪካ አንድ ልማድ አለ። ወቅቱ ሲያበቃ፣ የመጨረሻው መኪና በአበባና በባንዲራ አጊጦ ሲገባ፣ የወፍጮውን የእንፋሎት ፊሽካ የሚጎትተው በዚያ ዓመት ጡረታ የሚወጣ፣ ፋይሉ ንጹሕ የሆነ ሠራተኛ ነው። ፊሽካው እስከ ባሕሩ ይሰማል። የዘንድሮው የማናንግ ሉዲ እንደሆነ መንደሩ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ቀሚሳቸውንም አሰፍተው ጨርሰዋል።

«ለፊሽካው ሌላ ሰው እንፈልጋለን» አሉ ሰር ያፕ፣ ወረቀታቸውን እየሰበሰቡ።

«እሺ ሰር» አሉ ማናንግ ሉዲ።

*

አርዴል ቤቱ አልሄደም። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ለራሱ ብዙ ነገር አለ። ማሳጠሩን ያዘዙት ሰር ያፕ ናቸው። ፖስተሩን ማንበብ የማን ግዴታ ነው? ሌላው ሰው ሁሉ ተምሮ የለም እንዴ? ይህን ለማረጋገጥ ማኅደሩን እንደገና አየ፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ የተመለሱት መልእክቶች አንድ መቶ አርባ ናቸው። ያልተማረው አንድ ሰው አይደለም። አብዛኞቹ አንዴ ከተመለሰባቸው በኋላ ደግመው አልጻፉም፤ ችግራቸውን ይዘው ዝም ብለዋል። ሦስት ጊዜ የሞከሩት ማናንግ ሉዲ ብቻ ነበሩ።

በመጨረሻ ኢሜይል መጻፍ ጀመረ። ለሰር ያፕ፣ ለሚዛን ክፍሉ ኃላፊና ለሥራ አስኪያጁ። ማጣሪያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ መኪኖቹንም ከዝርዝር የጣልኩት እኔ ነኝ፣ ማናንግ ሉዲ ሦስት ጊዜ አመልክተዋል፣ ጽሑፎቻቸውም እነሆ ብሎ ሦስቱንም ከሥር ገለበጣቸው። በአፉ ያልቻለውን በጣቱ ሲጽፍ ትንፋሹ ቀለል አለው። እሳቸው ፊት ሳይቆም፣ የማንንም ዐይን ሳያይ ሊያልቅለት ነው። ላከው።

ወዲያው መልስ መጣ።

«መልእክትዎ ስህተት ስላለበት ተቀባይነት አላገኘም። አርመው እንደገና ይላኩ።»

ክው አለ። ከሥር ከገለበጣቸው ጽሑፎች ውስጥ ኦሪዮን የሚለውን ቃል ማጣሪያው አግኝቶታል። ቃሉን አውጥቶ «ሉሚና» ብሎ ቢተካው ያልፋል፤ ግን ያኔ የማናንግ ሉዲ ጽሑፍ የማናንግ ሉዲ አይሆንም። ማጣሪያውንም አጥፍቶ መላክ ይችላል። ማጣሪያውን አጠፋው። መልእክቱን ግን አልላከውም። ያችን ማስታወሻ ደጋግሞ አነበባት። ተቀባይዋ ሆኖ ሲያያት ምን ያህል የምታሳንስ እንደሆነች ለመጀመሪያ ጊዜ ገባው። የጻፋት እሱ ሆኖ፣ ስህተቱን እያወቀው እንኳን፣ አንገቱን አስደፍታዋለች።

*

ዓርብ ጠዋት ሰር ያፕ የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ ለማስፈረም ወደ ሚዛን ቤቱ ወረዱ። አርዴል ከኋላ ሲደርስ ማናንግ ሉዲ መነጽራቸውን አድርገው እስክሪብቶ ይዘዋል። ከመስኮቱ ውጭ የገበሬዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር ታይ ኢሎይ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል፤ አጠገባቸው ኖኖይና ሁለት ሾፌሮች በቅጠል የተጠቀለለ ሩዛቸውን ይበላሉ።

«ታይ ኢሎይ፣ አገዳውን ምን አደረጋችሁት?» አለ አንዱ ሾፌር።

«ኮምጣጤ እናደርገዋለን» አሉ ታይ ኢሎይ። «ደሴቱ ሁሉ ለአንድ ዓመት ዓሣ ቢያጥብበት አያልቅም።»

ሾፌሮቹ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን አልዘለቀም።

«አይፈርሙ ማናንግ» አለ አርዴል።

ሁሉም ዞሩ። «ጽሑፍዎ ስህተት አልነበረበትም። የመለሰብዎት ሰው አይደለም፤ እኔ የሠራሁት ማጣሪያ ነው። ኦሪዮን የሚል ካለበት ሳይነበብ ይመልሳል። መኪኖቹንም ከተራ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ፤ ቅዳሜ ስሙን ስቀይር። ትናንት ስብሰባው ላይ ይህን ሁሉ አውቀው ነበር።»

የሚዛኑ ብረት መኪና ወጥቶበት ሲጥ አለ።

«ይህን በጽሑፍ ማቅረብ ነበረብህ» አሉ ሰር ያፕ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ጻፍኩት ሰር። ተመለሰብኝ።»

ኖኖይን ሩዙ ትን አለው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ግቢው በሳቅ ያብድ ነበር። ታይ ኢሎይ ግን ኮፍያቸውን በእጃቸው እያዞሩ «አንተ የማን ልጅ ነህ?» አሉት።

አርዴል የአባቱን ስም ነገራቸው።

«አባትህ አገዳ ቆራጭ ነበር፣ አውቀዋለሁ» አሉ። «ሽታው አልደረሰህም? እዚህ ሆነን እኛ ሲሸተን?»

«መስኮታችን አይከፈትም ታይ ኢሎይ» አለ። እውነት ነው፤ ክፍሉ ቀዝቃዛ አየር ስላለው መስኮቱ ተበይዷል። መልሱ ግን ለራሱ ጆሮ እንኳን አልሞላም።

ማናንግ ሉዲ እስክሪብቶውን አስቀምጠው መነጽራቸውን አወለቁ። ይቆጡኛል ብሎ ጠበቀ፤ ቢቆጡት በወደደ።

«እንግሊዝኛዬ ልክ ነበር?» አሉ።

«ልክ ነበር ማናንግ።»

«ሦስተኛውም?»

«ሦስተኛው ከእኔ ይሻላል።»

ፊታቸው ቀስ በቀስ ተለወጠ። «ሳሎሜን ሰደብኳት» አሉ። «ሦስተኛውን እሷ ነበረች የጻፈችልኝ። ተመልሶ ሲመጣ ‹አርባ ዓመት ምን ስታስተምሪ ኖርሽ!› አልኳት። ማክሰኞ ነው። እስከ ዛሬ ከክፍሏ ለምግብ ብቻ ነው የምትወጣው። ለጎረቤት ልጆች የምታስጠናውንም አቆመች።» ደብዳቤውን አጣጥፈው ለሰር ያፕ መለሱላቸው። ወደ አርዴል ግን አላዩም። «እኔ ብነግራት ልታጽናናኝ ነው ትላለች። አንተ ሄደህ ንገራት፣ ቶቶ ልጄ።»

ሰር ያፕ ደብዳቤውን ኪሳቸው ከተቱት። በሳምንቱ በአርዴል ስም ተጽፎ መጣ፤ ሳያነብ ፈረመ።

*

በዚያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ እኅትማማቾቹ ቤት ሄደ። ማዬስትራ ሳሎሜ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል፤ ማናንግ ሉዲ ከውስጥ ዓሣ ሲጠብሱ ይሰማል። ተቀመጥ አላሉትም። ቆሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገራቸው፤ በክፍል ውስጥ ትምህርቱን እንደሚያስረዳ ልጅ እጁን ወደኋላ አድርጎ።

ጨርሶ ዝም ሲል ተነሥተው ገቡ። ሲመለሱ በእጃቸው የተጻፈውን የደብዳቤውን ረቂቅ ይዘዋል፤ ማናንግ ሉዲ ቢሮ ወስደው በኮምፒውተር የገለበጡት እሱን ነበር። ወረቀቱ ተጣጥፎ ተፈትቶ መታጠፊያው ሳስቷል። ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ ስህተቱን ሲፈልጉበት ኖረዋል።

«አንብበው» አሉት።

በእንግሊዝኛ ጮክ ብሎ አነበበ። ከውስጥ የመጥበሻው ድምፅ ቆመ።

«ስህተቱ የቱ ላይ ነው?»

በጣቱ አሳያቸው። ጎንበስ ብለው አዩት፤ ቀጥለው አምስቱንም ቦታ አዩ።

«ይሄ? ኦሪዮን የሚለው?»

«አዎ ማዬስትራ።»

«ይሄ እኮ ስሙ ነው» አሉ።

ማዬስትራ ከጆሯቸው ኋላ ቀይ እርሳሳቸውን አውጥተው ከወረቀቱ ጋር ሰጡት።

«በክፍሌ የሌላውን ልጅ ደብተር ያረመ ምን ያደርግ ነበር?»

ያስታውሳል። ያረመ ልጅ ላረመው ነገር ተጠያቂ እንዲሆን ከገጹ ግርጌ ስሙን ይጽፍ ነበር። «ስሙን ይጽፋል» አለ።

«እንግዲያው ጻፍ።»

ወረቀቱን የበረንዳው መደገፊያ ላይ ዘረጋው። ላዩ ላይ አንድም የተሰረዘ ነገር የለም። «ከማይጓደል አክብሮት ጋር» ከሚለው በታች ስሙን ከነአባቱ ጻፈ። እርሳሱ ደንዝዞ ስለነበር ወፍራም ሆኖ ወጣ።